ለጎጃም መራጮችና ድምፃቸውን ለምትጠይቁ ዕጩዎች፦ የአካባቢ ጥበቃ በድምፅ መስጫው ላይ ስንት ይመዝን?

ይድረስ፦ በምሥራቅ፣ በምዕራብና በሰሜን ጎጃም እንዲሁም በአዊ ለምትኖሩ መራጮች፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ለምትወዳደሩ ሁሉ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ለፕሬዚዳንት ዕጩ ድምፅ ስንሰጥ የአካባቢ ፖሊሲው ምን ያህል ይመዝን የሚለው ክርክር፣ የሌላ አገር ምርጫ በመጣ ቁጥር እኛም ዘንድ ይነሣል። አሜሪካ ላይ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እዚያ የአንድ ሰው ፊርማ ብዙ ያደርጋል። አገሪቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ወጣች፤ ፕሬዚዳንት ሲቀየር በዚያው ዓመት በየካቲት ተመለሰች፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና እንድትወጣ ተፈረመ። እኛ ግን ፕሬዚዳንት አንመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት የሚመርጡት ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች (የተወካዮችና የፌዴሬሽን) በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ዘመኑም ስድስት ዓመት ነው። የፕሬዚዳንቱ ሥራ በአብዛኛው ፊርማና ሥነ ሥርዓት ነው። የጎጃም መራጭ እጅ የሚገባው ወረቀት የምርጫ ክልሉ ተወካይ የሚለይበት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውንም ወደዚያ ማውረድ ይሻላል።

ይህን የምንጽፈው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሙያችን የሆነ ሰዎች ነን። እገሌን ምረጡ አንልም። የምንላችሁ፣ ማኒፌስቶ እጃችሁ ሲገባ «አካባቢ ጥበቃ» የሚለውን ገጽ እለፉት ነው። እዚያ ገጽ ላይ ዛፍ የማይተክል ፓርቲ የለም። የጎጃም መሬት ዕጣ የሚወሰነው በግብርናው፣ በበጀቱና በኤሌክትሪኩ ገጽ ላይ ነው፤ እነዚህን ገጾች ግን እንደ እንጀራ መዝኗቸው።

ተኩስ በሚሰማበት ቀበሌ ስለ እርከን ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። አንከራከረውም። ሰው ተሰብስቦ ዶማ የማይዝበት፣ መኪና የማይገባበት ቦታ ላይ ከዚህ በታች የምንለው አንዱም አይሠራም። ስለዚህ ሰላም ይቅደም። ከሰላም ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሆድ ነው፤ እዚህ አገር ሆድና አፈር ደግሞ አይነጣጠሉም።

ከማዳበሪያ እንጀምር፤ የምርጫ ቅስቀሳ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ለአቤቱታ ባሕር ዳር ድረስ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ «ማዳበሪያ በወቅቱ አመጣለሁ» የማይል ተወዳዳሪ አይገኝም። ጥሩ ነው፤ ግን የሚመጣው ማዳበሪያ ኮምጣጣ አፈር ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከአገሪቱ የታረሰ መሬት 43 በመቶ ገደማ አሲዳማነት ያጠቃዋል ተብሎ ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበት የጎጃምና የአዊ ደጋ ክፉኛ ከተጎዱት ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን አጥቦ ወስዶታል፣ ምርቱ ከነገለባው ከማሳ ይወጣል፣ ዩሪያም ራሱ አሲድ ይጨምራል። የአፈሩ ፒኤች (ሲወርድ አሲዱ መጨመሩን የሚያሳየው መለኪያ) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን ያደነዝዛል። ኤንፒኤስ በሚባለው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያለውን ፎስፈረስም ይዞ ያስቀረዋል፤ ተክሉ አያገኘውም። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው። ምልክቱን ያለ ላቦራቶሪም ታውቁታላችሁ፦ መጀመሪያ ባቄላ ይጠፋል፣ ገብስ ይቀጭጫል፣ ማሳው ወደ እንግዶና ወደ ድንች ይዞራል፣ በመጨረሻ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ድንጋዩም ሩቅ አይደለም፣ ደጀን ላይ የአባይ በረሃ ገደል ሞልቶታል። ችግሩ ብዛቱ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። አፈሩ ተመርምሮ ልውውጣዊ አሲዱ (ኖራው ሊያረክሰው የሚገባው አሲድ) በኪሎ አፈር 2 ሴንቲሞል ቢሆን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብናክም፣ የአፈሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 1.2 ቶን ቢሆንና በተለመደው ማካካሻ 1.5 ብናባዛው ለአንድ ሄክታር 2,700 ኪሎ ይመጣል፤ 27 ኩንታል ነው። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ወደ 7 ኩንታል ይጠጋል። ይህም ድንጋዩ ንጹሕ ሲሆን ነው፤ ንጽሕናው 80 በመቶ ከሆነ 27ቱ ወደ 34 ይወጣል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ሁለት ሄክታር አይሞላም። አንዲት ወረዳ 1,000 ሄክታር አክማለሁ ካለች 27,000 ኩንታል፣ ማለትም 540 ምልልስ ያስፈልጋታል፤ ይህም እስከ ዋናው መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ እስከ ማሳ ያለው የአህያ ጀርባ ነው፤ ለእሱ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ዕቅድ ላይ አይጻፍም። በየዓመቱ በዘር መስመሩ ብቻ ጥቂት ጥቂት መጨመር የሚባል አማራጭ አለ፤ ሸክሙን ያቀልላል፣ ግን በብተና ለሚዘራ ጤፍ አያመችም።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ ከብዛቱ ይብሳል። ኖራ ከዘር አንድ ወይም ሁለት ወር ቀድሞ ተበትኖ ከአፈር ጋር በእርሻ መደባለቅ አለበት። ስለዚህ በሚያዝያ፣ ቢዘገይ በግንቦት መጀመሪያ ማሳ ላይ መድረስ ግድ ነው። በሰኔ የመጣ ኖራ መንገዱ ጭቃ ሆኖበት ቀበሌ መጋዘን በር ላይ ይወርዳል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ይጋገራል፤ የተጋገረ ኖራ ደግሞ ካልተፈጨ አይሠራም፣ እንደ ዱቄት ካልላመ አሲዱን አይነካውም። አሁን ይህን ከምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ጋር አስተያዩት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በጀቱ የሚጸድቀውም በዚያው ሰሞን ነው። በጀቱ ላይ ለኖራ መፍጫና ለማጓጓዣ የተለየ መስመር ከተያዘ በጥቅምት ውል ተፈርሞ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ተፈጭቶ፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ ይደርሳል። ካልተያዘ ግን ወረዳው መጋቢት ላይ የተረፈ ገንዘብ ሲያፈላልግ ሰኔ ይገባል። እንግዲህ «ማዳበሪያ አመጣለሁ» ያላችሁን ዕጩ «ኖራውስ በስንተኛው ወር ይደርሳል?» በሉት። ማዳበሪያን ከኖራ ለይቶ የሚቃኝ ሰው ግማሹን ገንዘባችሁን ሊቀብር ነው። ይህንን ከአካባቢ ጥበቃም ከኑሮ ጉዳይም ልትቆጥሩት ትችላላችሁ፤ ልዩነት የለውም።

ኩበቱንም አትርሱ። የከብት ፍግ ማሳ ላይ ሲቀር አሉሚኒየሙን በመጠኑ ያስታግሳል፤ ደጋው ላይ ግን እንጨት አልቆ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እዚህ ላይ «ለገጠር ሶላር አዳርሳለሁ» የሚል ዕጩ ይመጣል። ለአምፖልና ለስልክ ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ቤት ላይ የምትሰቀል ፓኔል አትሸከመውም። ኩበትን ከምድጃ የሚያወጣው ምጣድ የሚችል መስመርና ትራንስፎርመር ነው፤ እስከዚያው ድረስ ደግሞ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ።

ወደ እርከን እንለፍ። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ተፋሰስ ይሠራል፤ ሪፖርቱ በኪሎ ሜትር ይቀርባል፣ ባለሥልጣኑም ያንኑ ቁጥር ይዞ ምርጫ ይገባል። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የተቆጠረው ግን በየካቲት ነው። በመስከረም ስንቱ ቆሞ ተገኘ? የሚፈርሰው በሰነፍ ገበሬ ምክንያት ነው ማለት ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲዛይኑ ነው። ዝናብ አጠር አገር እርከን ደልዳላ ሆኖ ይሠራል፤ ውሃውን ቋጥሮ እንዲያሰርግ። የጎጃም ደጋ ላይ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አፈሩ ሊውጠው ከሚችለው በላይ ነው። እርከኑ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ካላዘነበለ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፣ ሰብሉ ይቢጫል፣ ገበሬውም ማታ ዶማውን ይዞ ወጥቶ ይሰነጥቀዋል። እውነቱን ነው።

ማዘንበሉን መለካት የሚከብድ አይደለም። ሁለት ባለ ምልክት ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የምትንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃል። ሲባጎው በአንዱ ዘንግ ላይ ከሌላው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰርና የውሃ ልኳ አረፋ መሐል እስክትቆም አንደኛው ዘንግ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። የውሃ ልኳ ከ5 ሜትሩ ምልክት ፈንጠር ካለች ሲባጎው ስለሚረግብ ንባቡ ይዋሻል፤ በዘመቻ ጥድፊያ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአፈር እርከኑ ተጠቅጥቆ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር፣ የግርጌው ስፋት ከ1 ሜትር አያንስም። ያልተጠቀጠቀ 60 በመጀመሪያው ጎርፍ ይሸሻል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ውሃው የሚወርድበት ፋሰስ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ሣር ይዞ ለመጽናት አንድ ወይም ሁለት ክረምት ይፈልጋል። ዘመቻው እርከኑንና ፋሰሱን በአንድ ወር ሲሠራ፣ ወይም ፋሰሱን ጨርሶ ሲተው፣ የሃያ ማሳ ውሃ ተሰብስቦ በአንድ ጎረቤት መሬት ላይ ይለቀቃል። ታች ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠግቦ ይለሰልሳል፣ ይናዳል፣ ቦረቦሩም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ላይ ይበላል። ክትር ብቻ መደርደር አያቆመውም፤ ጥቁር አፈር ስለሚሰነጠቅ ውሃው በሥሩ ሰርጎ ድንጋዩን ይገለብጠዋል። አናቱ ላይ ያለው ውሃ ካልተቀለበሰ፣ ግድግዳው ወደ 45 ዲግሪ ተስተካክሎ ሣር ካልያዘ፣ ከብትም ካልተከለከለ የሚቆም ቦረቦር የለም። በትክክል የተሠራው ምን እንደሚሆን ማየት የሚሻ ደምበጫ አጠገብ አንጀኒን ይመልከት። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የአፈር መታጠብ ሲለካበት የኖረ ተፋሰስ ነው፤ በ1978 ዓ.ም. የተሠራው ፋንያ ጁ፣ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን፣ ሲጠገን ሲጠገን ማሳውን ደረጃ በደረጃ አስተካክሎታል።

ችግኝም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የተተከለና የጸደቀ ግን ሁለት ቁጥር ነው። በጥቅምት ሲቆጠር ገና ክረምቱ የተወው እርጥበት አለና ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ቁርጡ የሚታወቀው በጋውን ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት ነው። ችግኝ የሚገድለው ፕላስቲኩ ሳይቀደድ መተከሉ፣ በነሐሴ መጨረሻ ዘግይቶ መተከሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልቅ ግጦሽ ነው። አዝመራ ሲሰበሰብ ከብት ሁሉ ይለቀቃል።

ልቅ ግጦሽን አስቀራለሁ የሚል ዕጩ ድምፅ ያጣል፤ ስለዚህ ማንም አይለውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁሉም ያውቃል ሁሉም ዝም ይላል። እኛ የምንመክራችሁ ይህንኑ እንደ ማጥመጃ እንድትጠቀሙበት ነው። «ከብቱን ቤት አስሮ ለመቀለብ መኖው ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደሾ ሣር፣ ዝሆን ሣር፣ ሰስፓኒያ በእርከኑ ላይ ተተክሎ የመጀመሪያው አጨዳ እስኪደርስ ያለውን ክፍተት ማን ይሞላል፣ ሁለት ላም ያላትና የወል መሬት ብቻ የምታግጥ ባልቴትስ ምን ትሆናለች? ዋጋውን ደፍሮ የሚናገር ሰው በሌላውም ጉዳይ ሊታመን ይችላል። የአካባቢ ጥያቄ ለምርጫ የሚጠቅመው በዚህም ነው፤ ወጪው ቶሎ፣ ፍሬው ዘግይቶ ስለሚመጣ የሰውን ሐቀኝነት ያወጣል።

የዛፉን ዓይነትም ጠይቁ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ዴከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት የገበሬውን ኪስ ሞልቷል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ይታጨድበታል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል ይሆናል፣ አፈሩም ያገግማል። ግሩም ሥርዓት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የዝገት በሽታ ገባበትና የአካባቢው ሁሉ ተስፋ በአንድ ዛፍ ላይ መንጠልጠሉ ታየ። በሚሊዮን የሚቆጠር አንድ ዓይነት ችግኝ ቃል የሚገባ ዕጩ ይህን አላየም።

አሁን ደግሞ ከፍ ካለው ላይ። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የጮቄ አናት የሙጋ፣ የሱሃ፣ የጨሞጋ፣ የጀደብ፣ የተምጫ መነሻ ነው። ጓሳውና አስታው እየተመነጠረ ገብስና ድንች ሽቅብ ወጥቷል። ከዚያ የሚታጠበው አፈር መድረሻው አባይ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቁን ይዞ ታች ይጠብቀዋል። መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ ያው ጣጣ በትንሹ አለበት፤ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፣ ከላይ የሚወርድ ደለል ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀንሳል። ለፌዴራል ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦ ከኃይል ሽያጩ ገቢ ለላይኛው ተፋሰስ ድርሻ እንዲመደብ ታቀርባለህ ወይስ አታቀርብም? ይህ ልመና አይደለም፤ የጮቄ ገበሬ ገደላ ገደሉን ማረስ ትቶ ሣር እንዲያበቅልበት ካሳ ካላገኘ አይተወውም፣ ካልተወው ደግሞ ደለሉ አይቆምም።

ታዲያ ስንት ይመዝን? እንደ ወንበሩ ይለያል። ለተወካዮች ምክር ቤት ከሆነ ሰላምንና መብትን አስቀድማችሁ፣ በዚያ ተቀራራቢ ከሆኑት መካከል የምትለዩበት ዋና ነገር የኖራው፣ የኤሌክትሪኩና የተፋሰሱ ድርሻ ጥያቄ ይሁን። ምክር ቤቱ ውስጥ አባላት በአብዛኛው ከፓርቲያቸው ጋር ነው እጅ የሚያወጡት፤ ስለዚህ የግለሰቡ ዕውቀት ብቻውን ሕግ አይለውጥም። ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው ሚኒስትር ሲቀርብ ተነሥቶ መጠየቅ ነው፤ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ለክልል ምክር ቤት ከሆነ ክብደቱ ይጨምራል፤ በአንቀጽ 52 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕጎች መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ባሕር ዛፍ የት ይተከል፣ የወል መሬት ለማን ይሰጥ፣ ፋብሪካ ሲመጣ ፍሳሹ ወዴት ይሂድ የሚሉት ሁሉ እዚያ ይታያሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል፤ ተወዳዳሪው አንድ ጥናት አንብቦ እንደሚያውቅ ጠይቁት፣ ፊቱን ተመልከቱት።

ትልቁ ክብደት ግን ድምፅ በማይሰጥበት ቦታ ነው ያለው። የዘመቻው ወር፣ የፋሰሱ መስመር፣ የግጦሹ ክልከላ የሚወሰኑት ወረዳና ቀበሌ ላይ ነው፤ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ዶማ ይዞ ዘመቻ ይወጣል። የአካባቢ ምርጫ መቼ እንደሚካሄድ ቀን ይቆረጥ ብሎ የሚጠይቅ ዕጩ፣ ስለ አየር ንብረት አንድ ቃል ባይተነፍስ እንኳ፣ ለአፈራችን ከዛፍ ተካዩ ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ለዕጩዎች የምናቀርበው ጥያቄ እነሆ። ከክርክሩ መድረክ በፊት በምርጫ ክልላችሁ ላሉ ወረዳዎች ግብርና ጽሕፈት ቤቶች አንድ ገጽ መልስ ላኩና በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ኖራ ለስንት ሄክታር፣ በየትኛው ወር፣ ከዋናው መንገድ እስከ ማሳ ማን ከፍሎ? እርከኑ በየካቲት ብቻ ሳይሆን በመስከረምም እንዲቆጠር ትጠይቃላችሁ? ለላይኛው ተፋሰስ ድርሻ ሐሳብ ታቀርባላችሁ? መራጮችም ያቺን ወረቀት አንሡና ፎቶ አስቀሩ፤ አንቀጽ 54 የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይ በሕግ መሠረት ወንበሩን ሊያጣ እንደሚችል ይደነግጋልና ማስረጃ ይሆናችኋል። ወር፣ ብዛትና ከፋይ ያልተጻፈበትን መልስ እኛ እንዳልተመለሰ እንቆጥረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያዎች
ጎጃም